የሴት ሳይክል ለአባ ምናለ

እናቴ ስለ እኔ የምታወጣው ምስጋና አንድ ብቻ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ትላለች። አንዷ ጎረቤት «ልጄ ሐኪም ሆነ» ስትል፣ ሌላዋ «የኔዋ ዱባይ ገባች» ስትል፣ እናቴ ደግሞ ይህችን ተረት ታወጣና በራሴ ላይ ትደፋልኛለች። ሌላ የምታሳየው ነገር የላትማ። እኔም ባርኔጣው ልኬ ስለመሰለኝ ለብሼው እዞር ነበር፤ እስከ ባለፈው ኅዳር ድረስ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የተበላሸ ነገር እፈታለሁ። መብራት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ የፈታሁት ከጻፍኩት ይበልጣል። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ማንበቤ ግን አልቆመም። በተለይ ሰው የማያነበውን ማንበብ ደስ ይለኛል፤ ራዲዮ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምትቀረውን ወረቀት፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን፣ የማዳበሪያ ከረጢት ጀርባውን። ኪሴ ውስጥ ሜትር አይጠፋም። ሰው ቤት ስገባ የበሩን ወርድ በዓይኔ እለካለሁ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ምናልባት አንድ ቀን አልጋ ይዞ መግባት የሚፈልግ ሰው ቢመጣና ቢቸግረው ብዬ ይሆናል። እስካሁን አልመጣም።

ይህን ጠባዬን ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት የንስሐ አባታችን አባ ምናለ ናቸው፤ የምናዘዘው ለእርሳቸው ስለሆነ። ቤታቸው ከከተማው ጠርዝ ነው። የሚያገለግሉት ግን ገጠር ካለው ሚካኤል ነው፤ በእግር ሁለት ሰዓት ግድም ይወስዳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በበቅሎ ሲመላለሱ ኖረው ባለፈው ክረምት በቅሎይቱ ሞተችባቸው። በዛሬ ጊዜ በቅሎ የሚገዛ ወይ ባለጸጋ ነው ወይ ሙሽራ፤ አባ ከሁለቱም አይደሉም። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዞታል። ባጃጁም አስፋልቱን ለቆ ሜዳው ላይ ሲወርድ ሦስቱ ጎማዎች በየፊናቸው መሄድ ያምራቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። የገጠሩ ሚካኤል ያሉት ልክ አምስት ናቸው፤ መለዋወጫ የለውም። አባ ምናለ ከዘገዩ አራቱ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሕዝቡም ነጠላውን አጣፍቶ ይጠብቃል። ካልደረሱ ቅዳሴ የለም። ጥቅምት ውስጥ አንዱን እሑድ ዘገዩ፤ ቀጥሎ ያለውን ከመንገድ ተቀምጠው ቀሩ። ያን ጊዜ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አያ ደሴ ቤታቸው ድረስ መጥተው፣ ዙሪያውን ብዙ ዞረው፣ ስለ አዝመራው ጠይቀው፣ ስለ ቁርጥማቱ አዝነው፣ በመጨረሻ፣ «አባ፣ አንድ ጎልማሳ ቄስ ከቡሬ በኩል ተገኝቷል። እዚያው ከደብሩ አጠገብ ልቀመጥ ይላል። እኛ ግን አንቱን እስከ ኅዳር እኩሌታ እንጠብቃለን» ብለው ሄዱ።

አባ ይህን ሲነግሩኝ የእጅ መስቀላቸውን ያገላብጡ ነበር።

«ታቦቱን ሠላሳ ዓመት አገልግዬ በጉልበት ምክንያት ልባረር? አንተ ልጅ፣ ያ ሳይክል የሚሉት ለእኔ ይሆናል? የሚሆን ካለ ምረጥልኝ። ግን እስኪሆን ድረስ አፍህን ያዝ፤ ቄሱ ሳይክል ሊነዱ ነው ብለው ሳልወጣ እንዳይስቁብኝ።»

«እመርጣለሁ» አልኩ። ያቺ አንዲት ቃል አሥራ ስድስት ቀን ፈጀችብኝ።

የመጀመሪያው ችግር ቀሚሱ ነበር። ተራው ሳይክል ከመቀመጫው እስከ መሪው አንድ አግድም ብረት አለው፤ እግርን በላዩ ወርውሮ ማለፍ ያስፈልጋል። አባ ደግሞ ቀሚሳቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ስለዚህ መሃሉ ዝቅ ያለ ዓይነት መሆን አለበት። ግን ምን ያህል ዝቅ ያለ? «ዝቅ ያለ» ማለት ልክ አይደለም። ቤታቸው ሄጄ ሜትሬን አወጣሁ።

«አባ፣ እግርዎን ያንሱ።»

«ምን ልትሆን?»

«ልለካ።»

በመጀመሪያ ያለ ቀሚስ፣ በሱሪ ብቻ አነሱ፤ አርባ ሁለት ሳንቲም። ከዚያ ከነቀሚሱ፤ ሠላሳ አምስት። ከዚያ በቀኝ፣ ከዚያ በግራ፣ ከዚያ ደክሟቸው ሳለ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ ሽሮ እያማሰሉ ከጓዳ ሲያዩን ቆይተው አልቻሉም።

«ወይ ጉድ! ሠላሳ ዓመት የት የት ሲረግጥ የኖረ እግር ዛሬ ገና ተለካ! ለመሆኑ ምኑን ነው የምትመርጥላቸው?»

«መሃሉ ዝቅ ያለውን።»

«የሴቱን?» ማማሰያውን ይዘው ወጡ። «የሴት ሳይክል ላይ ልታወጣቸው? ኧረ በሚካኤል! እኔ እንኳ ሴቲቱ ያልወጣሁበትን?»

እኔ ሰው ሲጮህብኝ ማሰብ ይቀናኛል፤ መልሱን የማገኘው ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ያን ቀንም ቤቴ ገብቼ እንዲህ ብዬ መለስኩላቸው፦ ሳይክሉ የተሠራው ቀሚስ ለለበሰ ነው። በእኛ አገር ቀሚስ ለብሶ ረጅም መንገድ በየሳምንቱ የሚሄድ ማን ነው? ቄስ። እንግዲህ «የሴት» ያለው ስሙን ያወጣው ሰው ነው እንጂ ሳይክሉ አይደለም። እኔ በበኩሌ ሴት ስትነዳው ያየሁት ካርቶኑ ላይ ባለው ሥዕል ብቻ ነው። ያውም ሱሪ ነበር የለበሰችው።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ሳይክሉ የሚሄድበትን ሳያዩ ሳይክል መምረጥ እግሩን ሳያዩ ጫማ መግዛት ነው። አንድ ቅዳሜ ሜትሬን፣ ደብተሬንና እርሳሴን ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ክፉ አይደለም። የበርበሬና የበቆሎ ማሳ ዳር ዳሩን የሚሄድ ቀይ አፈር፣ አንድ ጨፌ፣ አንድ ጅረት፣ ቀጥሎ አበባው የፈነዳ የኑግ ማሳ፣ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወርድ ለስላሳ ቁልቁለት። ተራራ ለሚዘል የተሠራ ሳይክል አይፈልግም፤ የአስፋልት ቀጭን ጎማም አይበቃውም። መካከለኛ ጎማ ነው የሚፈልገው። ግን «መካከለኛ» ማለትም ልክ አይደለም። ስለዚህ የከብት ኮቴ የቆፈረውን ጉድጓድ ጥልቀቱን ለካሁ። ጎላ ያሉትን ድንጋዮች ቆጠርኩ። የጅረቱን መሻገሪያ ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስት የተለያየ ቁጥር ስላገኘሁ ለአራተኛ ጊዜ ተመለስኩ።

ከጅረቱ ቀና ስል አምስት ገበሬዎች ዱላቸውን ተደግፈው ከብበውኛል። ፊት የቆሙት ሽማግሌ፣ በኋላ እንደገባኝ፣ ራሳቸው አያ ደሴ ነበሩ።

«እንደምን ዋልክ ጌታው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ከመሬት ቢሮ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም።»

«ከመንገድ ሥራ?»

«አይደለም።»

ከኋላ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካልተናገረ ከላይ ነው» አለ። ሌሎቹ በአንድ ጊዜ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እንግዲያ የምትለካው ምንድን ነው የኔ ጌታ?» አሉ አያ ደሴ።

አባ አፍህን ያዝ ብለውኛል። ግን መዋሸትም አይሆንልኝም። «ሳይክል» አልኩ።

«የሳይክል መንገድ!» ተባባሉ። «ወርዱ ስንት ይሆናል?»

የመሪውን ወርድ አሰብኩና «ስድሳ ሳንቲም» አልኩ።

«ስድሳ ብቻ? መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚሉት!»

ሁለት ሰው ማሳቸውን በስማቸው እንድመዘግብ ለመኑኝ። አንዱ እርጎ አመጣ። ጾም አለመሆኑን አረጋግጬ ጠጣሁ፤ ይህም እንደ ጉቦ የተቆጠረ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሰውየው ከዚያ ወዲያ ሲሄድ እንኳ ፈገግ እያለ ነበር። ስመለስ ያው ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የባህር ዛፍ ችግኝ ሲተክል አገኘሁት። ካሳ ሲቆጠር እንዳይቀርበት ነው። ችግኙ መንገዱን አጠበበው። እንደገና ለካሁ፤ ሰባ ሁለት ሳንቲም ቀርቶናል።

ሦስተኛው ምርጫው ነው። የፍኖተ ሰላሙን ሁሉ በሁለት ቀን አይቼ ስለጨረስኩ ቡሬ ሄድኩ። እዚያ ይበልጣል የሚባል ያገለገለ ሳይክል እየጠገነ የሚሸጥ ሰው አለ፤ እኔ በወር የማልናገረውን በአንድ ሲጋራ ዕድሜ ይናገራል።

«ይሄን ተመልከት! ቀይ፣ ባለ ስፕሪንግ፣ ገደል ይወጣል!»

«ቀሚስ አያስወጣም።»

«እሺ ይሄኛው፤ የድሮ ብረት ነው፣ ልጅህ ይወርሰዋል!»

ጎማውን በአውራ ጣቴ ለካሁት። «ጨፌ ይውጠዋል» አልኩ።

በግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮ ክምር ጀርባ፣ ነጣ ያለ አንድ ሳይክል ቆሟል። መሃሉ እንደ በቅሎ ወገብ ጎበጥ ብሎ ወርዷል። ፊቱ ላይ ቅርጫት፣ የኋላ ጎማው መከለያ ላይ ደግሞ ክንፏን የዘረጋች ሰማያዊ ቢራቢሮ አለችበት። ተንበርክኬ ከመሬት እስከ ብረቱ ለካሁ። ሠላሳ አራት! የአባ እግር ሠላሳ አምስት ነው። አንድ ሳንቲም ትርፍ! ልቤ መታ። ሰው በአንድ ሳንቲም ልቡ ይመታል ወይ ብትሉ፣ የእኔ ይመታል።

በቁጥር ብቻ ግን አላምንም። የአባን አሮጌ ቀሚስ በፌስታል ይዤ መጥቼ ነበር፤ ለበስኩት። በግቢው ሁለት ዙር ዞርኩ። ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ምንም አልነገረኝም። ኮረኮንች ፍለጋ ወደ ገበያው መንገድ ወጣሁ፤ የመቀመጫው ብሎን ቢላላ ብዬ መፍቻ በእጄ ይዣለሁ።

«አባ! አባ! ይቁሙልኝ!»

ዓይናቸው የደከመ አንዲት እናት ናቸው። ፍሬኑን መሞከር ስለነበረብኝ ቆምኩ። ፍሬኑ ጥሩ ነው።

«ይፍቱኝ አባ» አሉና ጎንበስ አሉ።

«እማማ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም።»

«አይ ትሕትና! የዛሬ ቄስ ሁሉ እንዲህ ቢሆን!» እጄን ይዘው ብረቱን በግንባራቸውም በከንፈራቸውም ተሳለሙት። አሥራ አራት ቁጥር ነበር።

ይበልጣል በሩ ላይ ሆዱን ይዞ፣ «ግድ የለም እናቴ፣ መፍቻ ነው፣ ይፈታል!» ይላል። እኔ ለማስረዳት ቃል ስፈልግ ሌሎች ሁለት እናቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ተሰለፉ። ከዚያ የፍጥነት ሙከራ አደረግሁ። ፍጥነቱም ጥሩ ነው።

አባ በሰጡኝ ብር ሳይክሉን ገዝቼ ተመለስኩና የሚቀረውን አሟላሁ። ሰንሰለቱ ቀሚስ እንዳይበላ በቆርቆሮ ሸፈንኩት። የኋላ ጎማው ጋቢ እንዳይጠመጥም በሲባጎ መረብ ሠራሁለት። ለጥላቸው ከውኃ ቱቦ ማህደር፣ ለመስቀላቸው ቅርጫቱ ውስጥ ከረጢት አበጀሁ። ቢራቢሮዋን በቢላ፣ በጋዝ፣ በጥፍሬ ሞከርኩ፤ አልተላቀቀችም። አባ፣ «ተዋት፣ እሷም ፍጥረት ናት» አሉ። ደብተሬ ላይ አሥራ ሰባት ነገር ነበር፤ አሥራ ሰባቱም ላይ ምልክት አደረግሁ።

በመጨረሻ አባ ከበሩ ጀርባ ካለው ችንካር ጭራቸውን አወረዱ። በበቅሎ ሲሄዱ ሁልጊዜ በእጃቸው ነበር፤ ነጭ የፈረስ ጭራ፣ እጀታው የወይራ።

«ይህችንስ የት ታደርግልኛለህ?»

አሰብኩ። እጅ ሁለት ነው፤ ፍሬኑም ሁለት ነው። ሒሳቡ አለቀ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የረዘመውን ንግግር ያን ቀን ተናገርኩ፦ «አባ፣ ዝንብ በቅሎን የሚከተላት ስለምትሸተው ነው። ሳይክል አይሸትም። ደግሞም በቅሎ ትቆማለች፤ ሳይክል ዝንቡን ጥሎት ይሄዳል።» ከዚያ በደብተሬ ላይ «፲፰ኛ፦ ጭራ» ብዬ ጻፍኩና፣ «እጅ የለም፤ ይቅር» ብዬ ሰረዝኩት። አባ ጭራቸውን ወደ ችንካሩ መለሱት። ሲመልሱት አንድ ጊዜ ዳሰስ እንዳደረጉት አስታውሳለሁ። እኔ ግን ስለ አሥራ ሰባቱ እያሰብኩ ነበር።

ልምምዱን ሰው በማይበዛበት ሜዳ አደረግነው። አባ ሲነሱ «ቼ!» ይላሉ፤ ለመቆም መሪውን እንደ ልጓም ወደ ደረታቸው ይስቡና «ቁሚ! ቁሚ አልኩሽ!» ይላሉ፤ እሷም አትሰማም። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አባ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው እያዜሙ ሲነዱ ሳይክሉ ቀጥ ይላል፤ ዜማውን ሲያቋርጡ ይንገዳገዳል። ይህ ሊቃውንት ያላዩት ግኝት ስለመሰለኝ፣ «ጮክ ብለው ያዚሙ አባ፤ አፍዎን ከፍተው» አልኳቸው። እኔ አልኳቸው። ማንም አላስገደደኝም።

የተቆረጠው እሑድ ደረሰ። እትዬ ጥሩና እኔ ቀድመን በእግር ወጥተን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመናል፤ እኔ ሰዓቴን ይዤ። አያ ደሴ አዩኝና ደነገጡ።

«አሃ፣ የመንገዱ መሐንዲስ! ዛሬም ልትለካ?»

«ዛሬ አባን ልጠብቅ ነው።»

«እንግዲህ እሳቸው ከደረሱ ነዋ» አሉ፤ በክፋት አልነበረም፤ እንደ ደከመው ሰው ነው የተናገሩት። ሌላው ቄስና ሦስቱ ዲያቆናት ከቤተ ልሔሙ ደጃፍ ሆነው ወደ መንገዱ ያያሉ። ሕዝቡም ያያል።

ፀሐይ ኑጉ ላይ እንደወጣች ከማሳው መሃል የአባ ነጭ ጥምጥም ብቅ አለ። ዜማው ቀድሟቸው ደረሰ። ከዚያ ራሳቸው ቁልቁለቱን መጡ! ቀሚሳቸው አልተበላ፣ ጋቢያቸው አልተጠመጠመ፣ ጥላቸው በቱቦው ውስጥ ቀጥ ብላ እንደ ዘንግ ቆማ፣ ቢራቢሮዋ እያብለጨለጨች። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ደሴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ከቅዳሴው ሩብ ሰዓት ቀድመዋል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ፊት ለመናገር አማረኝ።

በሩ ዘንድ ሊደርሱ ሃያ እርምጃ ሲቀራቸው ዜማው ተቋረጠ።

ሳይክሉ ተንገዳገደ። አባ እንዳስተማርኳቸው ሁለቱን ፍሬን ያዙ፣ እንዳስተማርኳቸው ወረዱ፣ ከዚያ ግን እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው ቀሩ። ሮጬ ደረስኩ።

«ምን ሆኑ አባ?»

«ገባች።»

«ምኗ?»

«ዝንብ።»

«ይትፏት!»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ወርዳለች።»

ቆራቢም ሆነ ቀዳሽ ከማታ ጀምሮ ጠብታ ውኃ እንኳ በአፉ አይገባም፤ ዝንብ የዋጠ ሰው የዚያን ቀን ጾሙ ፈርሷል፤ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። አሥራ ሰባት ነገር ስጽፍ ግን አላወቅሁትም። አፍ የሚባል ነገር ከዝርዝሬ ውስጥ አልነበረም፤ ምክንያቱም እኔ የምለካው በራሴ ነው፣ የእኔ አፍ ደግሞ ተከፍቶ አያውቅም።

ያየ ሰው አልነበረም። ከእኔና ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ እንደሆንኩ ዝም ማለትን ከእናቴ ወተት ጋር የጠጣሁ ነኝ። አያ ደሴ እጃቸውን ዘርግተው፣ «አባ! ቀደሙ እኮ! እኛ ምን ፊት አለን!» እያሉ ይመጣሉ። አባ አንድ ጊዜ መቅደሱን አዩ፤ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ሠላሳ ዓመታቸው በዚያች ዕይታ ውስጥ ነበር።

«አያ ደሴ» አሉ፣ «ደርሻለሁ። ግን ዝንብ ውጫለሁ።»

እልልታው ከመሃሉ ተቆረጠ። አያ ደሴ የተዘረጋ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። አራቱ ካህናት ተያዩ፤ አራት ብቻ ናቸው።

እኔ ሳይክሉን አነሳሁ። ከጨፌው ማዶ ጊዮርጊስ አለ፤ እዚያ ቄስ ይተርፋል። ስድሳ ሳንቲሙን መንገድ ከእኔ አብልጦ የሚያውቀው ማን ነው? ጉድጓዱን ሁሉ በስሙ አውቀዋለሁ። በችግኞቹ መሃል ስበር ያ እርጎ ያጠጣኝ ሰው፣ «መንገዱ ተመረቀ እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

ጊዮርጊስ ደርሼ ነገሩን በአራት ቃል ተናገርኩ። የተሰጡኝ ቄስ አስማረ የሚባሉ ቁመታቸውም ወርዳቸውም የሚበዛ ሰው ናቸው። ያልበሉ ያልጠጡ፣ ለመቀደስ የተዘጋጁ ነበሩ። መሃሉ ዝቅ ያለው ሳይክል ላይ የኋላው መጫኛ ብዙ እንደሚሸከም አላነበብኩም ነበር፤ ያን ቀን አነበብኩት። ቄስ አስማረ ከኋላዬ ተቀምጠው አፋቸውን እስከ ዓይናቸው በነጠላ ጠመጠሙ፤ ሁለቱ እጆቻቸው ነፃ ነበሩና በቀኛቸው ጭራቸውን አወጡ። መንገዱን ሙሉ ግራ ቀኝ ሲያባርሩ የእኔን ጆሮና ማጅራት ደህና አድርገው ገረፉት። በየግርፋቱ «፲፰ኛ፣ ፲፰ኛ» የምባል ይመስለኝ ነበር። የሚገባኝ ነው።

ቅዳሴው ዘግይቶ ተጀመረ፤ ግን ተቀደሰ። አባ ምናለ መቅደስ አልገቡም። ከሕዝቡ ጋር ውጭ ቆመው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ተሰጥኦውን ከሁሉ ጮክ ብለው ይመልሱ ነበር። አሁን እንኳ አፋቸውን ከፍተው።

ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ጥላ ሥር ጉባኤው ተቀመጠ። እኔም እንደ ተከሳሽ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አንዱ የጉባኤው አባል ተነሥቶ፣ «ቃላችን ቃል ነው። የኅዳር እኩሌታ ደርሷል፤ ዛሬም ያለ እሳቸው ነው የተቀደሰው» አለ።

አያ ደሴ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሲያሽከረክሩ ቆዩ።

«ልክ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «እኚህ ሰው ዘግይተው አልቀሩም። ቀድመው ደርሰው ነው የቀሩ። ያቺን ዝንብ ያየ አለ እዚህ?»

ከጎናቸው ወደተቀመጠው ሰው ዞሩ።

«እኔ አላየሁም። አንተ አይተሃል? አላየህም። እንግዲህ ዝንቧን የነገሩን ራሳቸው ናቸው። የማናየውን የሚነግረንን ቄስ ሰድደን፣ ቅርብ ነው ብለን የማናውቀውን እናምጣ?»

ማንም አልተነሣም። ቄስ አስማረ በጭራቸው አንድ ዝንብ አባረሩና፣ «እንዲህ ያለው ይፍረድ» አሉ፤ አያ ደሴን ማለታቸው ይሁን ዝንቡን አልገባኝም። አባ ምናለ ራሳቸውን አቀርቅረው ነበር፤ ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«ይቆዩልን፤ ግን» አሉ አያ ደሴ፣ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዝንቡን አንድ ነገር አድርግ፣ መሐንዲስ።»

ደብተሬን ዘረጋሁ። ሁሉም ሐሳብ አዋጣ። አንዱ የንብ ቆራጭ መከለያ ይልበሱ አለ። ሌላው መሪው ፊት ወንፊት ይታሰር አለ። እኔ ቱቦ፣ ሲባጎና የአጎበር ቁራጭ ያለበት ነገር መሳል ጀምሬ ነበር፤ ስድስት መለኪያ አስፈልጎታል። እትዬ ጥሩ ከሴቶቹ መሃል ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው፣ ማማሰያ ይዘው የወጡ ዕለት እንደነበሩት ሆኑ።

«ኧረ አንተ ልጅ፣ ምኑን ትጭራለህ! ጭራውን ይንከሱታ!»

አሁን አባ ምናለ እሑድ እሑድ ሲያልፉ የወይራው እጀታ በጥርሳቸው መሃል ተነክሶ ነው። ነጩ ጸጉር ወደ ጆሯቸው በነፋስ ይውለበለባል። ውዳሴውን በልባቸው ያደርሱታል፤ ሚዛናቸው ግን አልተናጋም፤ ግኝቴ ስሕተት ነበር። ጭራው ከዚያ ወዲህ አንድም ዝንብ አላባረረም፤ አንድም ዝንብ ግን አልገባም። ቄስ አስማረ ባለፈው ሱቄ ድረስ መጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እስቲ እግሬን ለካ» ብለውኛል። ሠላሳ አንድ ነው፤ ፍለጋ ላይ ነኝ። ያ እርጎ ያጠጣኝ ሰው ችግኙ ሲያድግ ካሳው መቼ እንደሚመጣ ይጠይቀኛል።

የተጎዳሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ጎረቤቶች ልጆቻቸውን ማወደስ ሲጀምሩ እናቴ ተረቷን አሁንም ትናገራለች፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ትላለች። ስትናገር ግን ወደ እኔ አታይም። በበሩ በኩል ጭራ ነክሰው የሚያልፉትን አባ ምናለን ነው የምታየው።